ጣና ዳር አስቂኝ ዶክመንተሪ ለምትሰሩ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከአንድ ኤዲተር

ይድረስ ለጣቢያ አዘጋጆች፣ ለዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች፣ ድሮን ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ለምትመጡ ወንድምና እህቶች፣ እዚሁ ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ለምትማሩ ልጆች፣ እንዲሁም ያለቀውን ቪዲዮ አይታችሁ «ይለፍ» ለምትሉ አለቆች በሙሉ።

ሰላም ነው? እኔ ባሕር ዳር የምኖር ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ሰርግ እሰራለሁ፣ ምርቃት እሰራለሁ፣ የኤንጂኦ የዓመት ሪፖርት እሰራለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዶክመንተሪ ይመጣልኛል፣ እሱ ሲመጣ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ቢያንስ ኬክ ሲቆረስ አላይም። ይሄን የምነግራችሁ ከውጪ ሆኜ የምጮህ እንዳይመስላችሁ ነው፣ የፍየል ጩኸቱ፣ የተመልካች ሳቁ፣ ሰው ሲወድቅ የሚገባው የካርቱን ድምፅ የት ፎልደር ውስጥ እንደሚቀመጥ እኔም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣናን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ የተሰራ አንድ ዶክመንተሪ ነበር (የማን እንደሆነ አልናገርም፣ የሰሩት ራሳቸውን ያውቃሉ፣ ያላያችሁት ደግሞ ብዙም አልቀረባችሁም)። እዛ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው፣ እድሜያቸውን ሙሉ ዓሳ ሲያጠምዱ የኖሩ አባት፣ ታንኳቸው አጠገብ ቁጭ ብለው «እምቦጭ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጥሬውን ፉቴጅ፣ ገና ያልተቆረጠውን ቀረጻ፣ አይቼዋለሁ፣ ካሜራ የያዘው ልጅ ጓደኛዬ ነው። ሰውየው ቶሎ አልመለሱም፣ መረባቸውን እየፈተሹ ቆዩና ሰው የሚለውን ሁሉ በተራ በተራ ነገሩት። አንዳንዱ በንፋስ መጣ ይላል አሉ፣ አንዳንዱ አበባው ያማረው ሰው ለጌጥ ብሎ ከሩቅ አገር አምጥቶ ነው የለቀቀብን ይላል አሉ፣ ቄሶቹ ደግሞ የኃጢአታችን ነው ይላሉ አሉ። ከዛ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ንፋሱ በየት በኩል ሲነሳ እምቦጩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሥሩ መረብ ውስጥ ሲገባ መረቡ እንዴት እንደሚቀደድ፣ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ሁሉ አብራሩ።

ስክሪን ላይ የቀረው ምን መሰላችሁ? «የኃጢአታችን ነው» ብቻ። ከዛ ፊታቸው ላይ ዙም፣ የፍየል ጩኸት፣ ተራኪው ደግሞ በዛ ወፍራም ድምፁ «ሳይንቲስታችንን ተዋወቁ»።

አሁን ልብ በሉ፣ እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ በዓለም ላይ የተሰራጨው በብዛት ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰዎች ለጌጥ ብለው ከአገር አገር እያዞሩት ነው። ጣና ላይ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ማለት ሰውየው ከነገሩት ሦስት መልስ ሁለተኛው ተመራማሪዎቹ ስለ ተክሉ ስርጭት የሚሉት ነው። ኤዲተሩ ያንን ቆርጦ ጣለና ሦስተኛውን ብቻ አስገባ፣ እሱንም ሰውየው የሌላ ሰው ሀሳብ ብለው ያወሩትን የራሳቸው አድርጎ። እኔ በሙያዬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ሰደበ ብቻ አይደለም፣ ለዶክመንተሪው የሚጠቅመውን ምርጥ ምርጡን ፉቴጅ ነው ገደል የከተተው፣ ለሦስት ሰከንድ ሳቅ ብሎ።

ክሊፑ ቲክቶክ ላይ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰውየው አሁን በአካባቢያቸው «ሳይንቲስቱ» ነው የሚባሉት፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት የፍየል ድምፅ እያሰሙባት ነው፣ እሳቸው ደግሞ ካሜራ ካዩ መረባቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። ሌሎቹም ሰምተዋል። ቀጥሎ የሚሄደው ሰው፣ ተማሪም ይሁን ተመራማሪ፣ የሚጠብቀው ጀርባ ነው። ደግሞ ይታወቃል፣ እኛ አገር ዶክመንተሪ የሚባለው ነገር ድሮም ስሙ ጥሩ አልነበረም፣ አንድ ሰሞን ሰው ታስሮ ሲያበቃ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ነገር ስለነበር እስካሁን «ዶክመንተሪ እንዳይሰራብህ» ተብሎ ይቀለዳል። በዛ ላይ ይሄን ጨመራችሁበት።

ይሄ ከሆነ በኋላ አንዳንድ የማከብራቸው ሰዎች ምን ይላሉ፣ ጣና የቀልድ ቦታ አይደለም፣ ገዳማት ያሉበት ነው፣ ሐይቁም ታሟል፣ ስለዚህ ዶክመንተሪ ኮስተር ብሎ ይሰራ፣ ቀልድ ይቅር። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ደብዳቤውን የምጽፈውም ግማሹ ለእነሱ ነው። ኧረ ተዉ እንጂ! ጣና ዳር ያለው ፎገራ እኮ የአለቃ ገብረ ሃና አገር ነው። ናበጋ ጊዮርጊስ ነው የተወለዱት። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን፣ ያንን ወዲያና ወዲህ የሚል ዝማሜ፣ ጣና ዳር ያለው ደንገል በንፋስ ሲወዛወዝ አይተው ነው ያመጡት እየተባለ የሚነገርላቸው ሊቅ ናቸው፣ እኚሁ ሊቅ ናቸው ደግሞ ንጉሥ ፊት ቀልደው፣ መኳንንት ላይ ቀልደው፣ ካህናት ላይ ቀልደው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተናገሩትም ሳይቀር በስማቸው የሚወራላቸው። ቀልድና ቅድስና በዚህ ሐይቅ ዳር ተጣልተው አያውቁም።

በነገራችን ላይ አለቃም ሁሌ ትልቅ ሰው ብቻ አልነበረም የሚነኩት፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። በስማቸው ከሚወሩት ቀልዶች ሴቶችንና ባላገርን የሚያሳንሱ ሞልተዋል። ግን ሕዝቡ አብልጦ የሚወደው የትኛውን ነው? አህያ የሚነዱ ሴቶች መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን ዋላችሁ የአህያ እናቶች» ሲሏቸው «ደህና ዋልክ ልጃችን» ብለው መለሱላቸው የሚባለውን ነው። አለቃ የተሸነፉበትን። ቀልዱ የጣመው ሴቶቹ አፍ ስለነበራቸው ነው፣ በዛው ሰዓት፣ በዛው መንገድ ላይ መመለስ ስለቻሉ።

አዝማሪ ቤትም እንደዛው ነው። ባሕር ዳር ማታ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል፣ አዝማሪው መሲንቆውን ይዞ መጥቶ ፊትህ ይቆማል፣ ሆድህን ያነሳል፣ መላጣህን ያነሳል፣ አብራህ የመጣችውን ልጅ ያነሳል፣ ጠብ የማትለው ኪስህን ያነሳል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አንተ ግን እዛው ነህ። «ተቀበል!» ብለህ የራስህን ትሰጠዋለህ፣ እሱም በግዱ ያንተን ስድብ በራሱ ዜማ ያዜመዋል፣ በራሱ ላይ። ይሄ ሕግ ማንም የጻፈው አይደለም ግን ሁሉም ይጠብቀዋል። የሚቀለድበት ሰው ቤት ውስጥ አለ፣ ቀልድ መሆኑን ያውቃል፣ መመለስም ይችላል። እኔ ስለ ዶክመንተሪ ስላቅ ሥነ ምግባር ብዙ ነገር ተብሏል ግን ከዚች ከ«ተቀበል» የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ታንኳቸው አጠገብ የተቀረጹት አባት ተቀበል የሚሉበት ቦታ የላቸውም። ታይምላይኑ ያለው እኛ ጋ ነው፣ ማይኩ እኛ ጋ ነው፣ ተራኪው የኛ ነው፣ እሳቸው የሚያዩት ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም የጎረቤት ልጅ በሞባይሉ ካሳያቸው። ተቀበል ማለት ቢችሉ ኖሮ ምን ይሉ ነበር ብዬ አንድ ቀን ሞከርኩ፣ ግጥም አልችልበትም እንጂ፦

ዓሳ ያዝኩኝ ብዬ መረቤን ብጎትት፣
ሞባይል ወጣብኝ ሰው የሚስቅበት።

ይሄ ነገር የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ዶክመንተሪ ሲወለድ ጀምሮ አብሮት ያለ በሽታ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ዶክመንተሪዎች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የሮበርት ፍላኸርቲ «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» ካናዳ በረዶ ውስጥ የሚኖሩ የኢኑይት ሰዎችን ነው የሚያሳየው። እዛ ውስጥ ዋናው ሰውዬ ነጭ ነጋዴ ቤት ሄዶ የሸክላ ማጫወቻ ያያል፣ ይገረማል፣ ይስቃል፣ ሸክላውን አንስቶ ይነክሰዋል። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። እውነታው ግን ሰውዬው፣ ትክክለኛ ስሙ አላካሪያላክ ነው፣ የሸክላ ማጫወቻ ድሮ ያውቃል፣ አድርግ ተብሎ ነው ያደረገው። በፊልሙ በጦር ያድናል፣ በዛን ጊዜ እነሱ ጠመንጃ ይዘው ነበር። እሱ እንግዲህ ትወና መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ያላወቀው ተመልካቹ ነው፣ ተመልካቹም ከሲኒማ ቤት የወጣው «እነዚህ ሰዎች ምንም አያውቁም» ብሎ ነው።

ከዛ የከፋው ደግሞ ሁለቱም ወገን የማያውቅበት ነው። «ቦራት» የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2006 ፊልም ዶክመንተሪ መስሎ የተሰራ ቀልድ ነው፣ መጀመሪያው ላይ የሚታየው የካዛኪስታን መንደር የተባለው ካዛኪስታን ውስጥ አይደለም፣ ሩማኒያ ውስጥ ግሎድ የምትባል ድሃ የሮማ መንደር ናት። ነዋሪዎቹ ስለ ድህነታችን ዶክመንተሪ ሊሰራልን ነው ብለን ነበር አሉ፣ እጁ የተቆረጠ አንድ ሰውዬ ምን እንደሆነ የማያውቀው ነውረኛ ዕቃ ክንዱ ላይ ታስሮለት ተቀረጸ። በኋላ ፊልሙን ሲያዩት ከሰሱ፣ አልተሳካላቸውም። ፊልሙ የአሜሪካን ሰው ግብዝነት ያጋለጠበት ቦታ አለ፣ እሱን አልክድም፣ እዛ ጋ ያሉት ሰዎች ጠበቃ መቅጠር የሚችሉ፣ ቲቪ ወጥተው መመለስ የሚችሉ ናቸው። ግሎድ ግን ምን አደረገች? እና እኛ የምንሄድባቸው የጣና ዳር ቀበሌዎች የትኛውን ይመስላሉ?

በተለይ ጣና ዳር ስለሚኖሩት ስለ ነገደ ወይጦ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን ሳልል ብቀር ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። ታንኳ ሲባል ሁሉም ዶክመንተሪ እነሱ ጋ ነው የሚሄደው፣ ደንገል ሲያጭዱ፣ ሲያስሩ፣ ሐይቁ ላይ ሲቀዝፉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ቆንጆ ቢሮል (ከትረካው ሥር የሚገባ ምስል) ነው፣ አውቃለሁ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ይሄ ማኅበረሰብ ድሮ ጉማሬ ያድን ነበር፣ በዛ ምክንያት ሰው አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር፣ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ ከከተማዋ ጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ ነው የኖሩት። ስለዚህ ተራኪያችሁ ስለ አመጋገባቸው «ለምሳ ምን ቀረበ ይሆን?» ብሎ በድምፁ ጥርሱን ሲያሳይ እናንተ አዲስ ቀልድ የፈጠራችሁ ይመስላችኋል፣ እነሱ ግን ያንን ቀልድ አያታቸውም ሰምተውታል። ያረጀ ስድብ ማይክ ስለተገጠመለት ስላቅ አይሆንም።

እሺ ታዲያ ቀልዱ የት ይሁን? አይ፣ ቀልድ የጠፋ ይመስል! ጣና ዳር በየዘመቻው የሚታየው ትዕይንት ለብቻው አንድ ሰዓት ዶክመንተሪ ይወጣዋል። እንግዳ ይመጣል፣ አዲስ ቦቲ፣ ነጭ ጓንት፣ ኮፍያ ላይ የታተመ መፈክር፣ ካሜራዎች ይደረደራሉ፣ እንግዳው ጎንበስ ብሎ አንድ እምቦጭ ይነቅላል፣ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ይጨበጨባል፣ እጁን በሃይላንድ ውሃ ይታጠባል፣ መኪና ውስጥ ይገባል። ኋላው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ የሚነቅል ገበሬ አለ፣ በዜናው ላይ እሱ አይታይም፣ ቢታይም ከትከሻው በታች ተቆርጦ ነው።

እዚህ ጋ ኤዲተር ሆኜ ልምከራችሁ፣ የፍየል ድምፅ አታስገቡ። ምንም አታስገቡ። ካሜራውን አታጥፉት ብቻ። ዜናው የሚቆርጠው ጭብጨባው ላይ ነው፣ እናንተ ሌላ ሃያ ሰከንድ ቆዩ፣ እንግዳው ጓንቱን አውልቆ የሚሰጠው ሰው ፈልጎ ሲያጣ ታያላችሁ፣ የነቀላት ተክል ደግሞ እዛው ውሃው ጠርዝ ላይ ወድቃ ማዕበል መልሶ ሲወስዳት ታያላችሁ፣ መልሶ ከወሰዳት ደግሞ ትበቅላለች፣ ዘሯም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የሚበቅል ነው። ንግግሩ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ከተባለ ያንን ድምፅ በዚች ምስል ላይ አስተኙት፣ በቃ፣ ሰዉ ራሱ ይስቃል፣ አንተ ምንም አላልክም። ዶክመንተሪ ከመድረክ ቀልድ የሚበልጥበት ቦታ ይሄ ነው፣ ቀልዱን አንተ አታመጣውም፣ እዛው መሬት ላይ ነው ያለው፣ ያንተ ሥራ ሳትቆርጥ መታገስ ነው።

ግን (ግን አለበት) እዛ ላይ ነው ደግሞ ሰው የሚወድቀው። ድምፅና ምስል አጋጭተህ ስታስቅ ቀኑ መግጠም አለበት። እምቦጭ ዝም ብሎ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ከክረምት በኋላ መስከረም ጥቅምት ኅዳር ላይ ይስፋፋል፣ በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ ይቀንሳል፣ ንፋስ ደግሞ ዛሬ አንዱን ወረዳ ሸፍኖት ያደረውን ነገ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ሰውየው በሚያዝያ «እዚህ አካባቢ ጸድቷል» ብሎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንተ በጥቅምት የተቀረጸ ምስል አምጥተህ ከሥሩ ካስተኛህ ስላቅ አልሰራህም፣ ውሸት ነው የሰራኸው፣ ያውም የሚያስቅ ውሸት፣ እሱ ደግሞ ከደረቁ ውሸት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ባሕር ዳር ላይ ተነስተህ እምቦጩ የበዛበት ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ መሆኑን እያወቅክ ንጹሕ የሆነውን የከተማውን ዳር አሳይተህ «የታል ታዲያ?» ብሎ ማሾፍም ያው ነው። ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 «ሮጀር ኤንድ ሚ»ን ሲሰራ ያሾፈው በትልቅ ኩባንያ ላይ ነው፣ ጄኔራል ሞተርስ ላይ፣ አቅጣጫው እኔ የምለው ዓይነት ነው፣ ግን አንዳንድ ክስተቶችን ከሆኑበት ጊዜ ቅደም ተከተል ውጪ አስቀምጧል ተብሎ ተወቀሰ፣ ከዛ በኋላ ሰው የሚከራከረው ሥራ ስላጡት ሠራተኞች ሳይሆን ስለ ኤዲቲንጉ ሆነ። ኩባንያው ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ያገኛል? በኮስታራ ዜና ላይ ቀን ብትሳሳት ማስተካከያ ታወጣለህ ያልፋል፣ በስላቅ ላይ ቀን ብትሳሳት ግን የቀለድክበት ሰው ተበዳይ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለሚያስቀው ክፍል ነው ይበልጥ ማጣራት ያለባችሁ፣ ቀንና ቦታውን ስክሪኑ ላይ ጻፉት፣ ቀልዱን አያበላሸውም፣ እንዲያውም ያከረዋል።

ደግሞ ለባለሥልጣንም ቢሆን ፍትሕ አለ። ጓንት ያደረገው ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ውሎ ከሆነና እናንተ የደረሳችሁት ማታ ከሆነ፣ ያቺን አንድ ተክል ብቻ ማሳየት አይቻልም። ከላይ ያለ ሰው ላይ መቀለድ ይቻላል ማለት ከላይ ያለ ሰው ላይ መዋሸት ይቻላል ማለት አይደለም።

ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ዶክመንተሪ፣ ያ ዶክመንተሪ መሳይ የሚባለውን፣ ለመስራት የምታስቡ ተማሪዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አሪፍ ነው፣ ስሩት። ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ ፓስታ ከዛፍ ሲለቀም የሚያሳይ አጭር ፊልም ፓኖራማ በሚባለው የተከበረ ፕሮግራሙ ላይ አስተላልፎ ሰዉ እየደወለ ዛፉን እንዴት ነው የምንተክለው ብሎ ጠይቋል። እዛ ያመነው ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ የሚያምነው ድምፅ ስለነገረው ነው። እሱም ቢሆን ቀኑ ኤፕሪል ዘ ፉል ነበር፣ በማግሥቱ ሁሉም ሳቀ። የናንተ ግን ከመሃሉ አርባ ሰከንድ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ መጀመሪያ ላይ የጻፋችሁት «ይህ ፈጠራ ነው» የሚለው ጽሑፍ አብሮ አይሄድም። እንበል «እምቦጭ ወደ ውጪ ሊላክ ነው፣ በኩንታል ይገዛል» ብላችሁ ቀለዳችሁ፣ ከእምቦጭ ባዮጋዝና ማዳበሪያ እንደሚሰራ የሰማ ገበሬ ለምን አያምንም? እና ጓሮው ውስጥ ቢያከማቸውስ? እኔ መፍትሄ የምለው ቀልዱ በየክፍሉ እንዲታወቅ አድርጋችሁ አጋኑት፣ የትኛውም አርባ ሰከንድ ለብቻው ቢቆረጥ ይሄ ነገር ቀልድ ነው የሚያስብል አንድ ነገር ይኑርበት። ከባድ ነው፣ አዎ፣ ስላቅ ቀላል ነው ያላችሁ ማነው።

አሁን ደግሞ ወደ «ይለፍ» ባዮቹ። ይሄን ደብዳቤ አንብባችሁ መመሪያ እንዳታወጡ እለምናችኋለሁ። እውነቴን ነው። እኛ አገር ስላቅ ጠባቂ አጥቶ አያውቅም፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ በአውሬዎች እያመካኘ ሹማምንትን የሚተች ነበር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፣ ቴአትር ራሱ ገና ሳይጀመር ነው አፉ የተያዘው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 24 ላይ ደግሞ የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁም፣ 1185/2012፣ ለሥነ ጥበብ ፈጠራ በር ትቷል። ሕጉ በቂ ነው። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ፣ ሰዉ ምን ብናገር ምን እሆን ይሆን እያለ በሚያድርበት ሰዓት፣ «የቀልድ መመሪያ» የሚባል ወረቀት ቢወጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የዓሳ አጥማጁ የፍየል ድምፅ ሳይሆን የባለ ጓንቱ ሃያ ሰከንድ ነው። ታውቁታላችሁ፣ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ይሄ ጉዳይ በኛ በሰሪዎቹ እጅ ይለቅ። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰው ስትቀርጹ ሥራው የሚያስቅ ነገር እንዳለበት ፊት ለፊት ንገሩት፣ «ስለ ጣና ነው» ብቻ አትበሉት። ፈርም ብላችሁ የምትሰጡት ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ለራሳችሁ አስቀምጡት፣ በአማርኛ በቃል ነግራችሁት እሺ ሲል ካሜራ ላይ መያዝ ይሻላል። ሰዉ ራሱ ቀልደኛ ነው እኮ፣ የሐይቅ ዳር ሰው ከጀመረ ማን ያቆመዋል፣ እሱ የቀለደውን አስገቡ፣ እናንተ ላይ የቀለደውን ጭምር። አንድ አባት ድሮኑን አይተው «ይሄ ዝንብ ዓሳ ይይዛል ወይስ እንዳንተ ፎቶ ብቻ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ካሜራማኑ ያንን ቆርጦ ጣለው፣ ያፈረ ይመስለኛል። ከሁሉ ግን ይሄኛው ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፣ ኤዲቱ ሳይቆለፍ፣ ገና ራፍ ካት፣ ረቂቅ ቅንብር፣ እያለ፣ የተቀረጹት ሰዎች ቁጭ ብለው ይዩት። የሚስቁ ከሆነ ቀልዱ ይሰራል ማለት ነው። ዝም ካሉ ሂዱና ቁረጡት። የሚከራከሩ ከሆነ ክርክሩን ቅረጹትና መጨረሻው ላይ አስገቡት።

«አይቻልም፣ ጊዜ የለም፣ ባጀት የለም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከባሕር ዳር ፎገራ ሩቅ አይደለም፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ያ የዓሳ አጥማጁ ዶክመንተሪ ሁለተኛ ክፍል ሊሰራለት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ለሰሪዎቹ ግብዣ አቅርቤያለሁ፣ በሰው በኩል ደርሷቸዋል፣ እዚህም ልድገመው፦ ከመውጣቱ በፊት ፎገራ ሄደን ለሰዎቹ እናሳያቸው፣ ያንን የመጀመሪያውንም ጭምር፣ ሰውየው የነገሩትን ሙሉውን ጥሬ ፉቴጅ ጭምር። ፕሮጀክተር እኔ አለኝ፣ የሰርግ ቢሆንም በደንብ ያበራል። ነጭ አንሶላ አለ። ስፒከር ካሜራማኑ ጓደኛዬ ያመጣል። መብራት ቢሄድ ብዬ ጄኔሬተር የሚያውሰን ሰው እየፈለግኩ ነው፣ ነዳጁን እኔ እችላለሁ፣ ካገኛችሁ ንገሩኝ።